የወይዘሮ አሰገደች መስኮት እንዴት እንደተከፈተ

ተረት ብትሉት ተረት፣ ወሬ ብትሉት ወሬ ነው፤ የሚጀምረው ግን በአንድ የተዘጋ መስኮት ነው።

በስምጥ ሸለቆ ውስጥ፣ ጥላ እንደ ዘመድ በሚፈለግባት ከተማ፣ አንድ ኮንዶሚኒየም አለ። በመጀመሪያው ፎቅ ወይዘሮ አሰገደችና ባለቤታቸው ጋሽ ሀብቴ ይኖራሉ። ጋሽ ሀብቴ ዕድሜያቸውን በፖስታ ቤት ያሳለፉ ሰው ናቸው፤ የማንንም ደብዳቤ ሳይከፍቱ የሁሉንም ሰው ጉዳይ ያውቁ ነበር። አሁን ደረታቸውን ታመው አልጋ ይዘዋል። ሐኪሙ መድኃኒቱን ጽፎ ጨረሰና፣ «ከዚህ ሁሉ የሚበልጥላቸው የውጭ አየር ነው፤ መስኮት ይክፈቱላቸው» አለ።

ወይዘሮ አሰገደች የፈለጉት ይህንኑ ነው። መስኮት መክፈት።

ከመስኮቱ ሥር ግን የአቶ ደምሰው መኪና ይቆማል። አቶ ደምሰው ጠዋት ጠዋት መኪናቸውን ያሞቃሉ። በዚያች ከተማ ድንጋዩም፣ የቧንቧው ውሃም፣ ትራሱም ሞቆ ነው የሚያድረው፤ መኪናው ብቻ መሞቅ ይቀረዋል። ለምሳ ሲመጡም፣ ከምሳ በኋላ መኪናቸው ውስጥ ተቀምጠው ሬዲዮ ሲሰሙም ሞተሩ አይጠፋም። ጭሱ ቀጥ ብሎ ይወጣና መስኮቱ ጋ ሲደርስ ወደ ውስጥ ይታጠፋል። ስለዚህ መስኮቱ ተዘጋ። መስኮቱ ሲዘጋ ቤቱ እንደ ዳቦ ቤት ሆነ። ቤቱ እንደ ዳቦ ቤት ሲሆን፣ ወንድ ልጃቸው ያመጣው ኤሲ ግድግዳ ላይ ተሰቀለ። ኤሲው ደግሞ ለጋሽ ሀብቴ ደረት አልተስማማም። «ይሄ አየር አይደለም፣ ፍሪጅ ውስጥ መተኛት ነው» ይላሉ፤ ከዚያ ይስላሉ፤ ከዚያ ደግሞ ይስላሉ።

በዚያው ሰሞን ግቢው ውስጥ ስብሰባ ተደርጎ ነበር። ስብሰባውን የመሩት አቶ ደምሰው ናቸው፤ መሥሪያ ቤታቸው የሚሠራው በአካባቢ ጉዳይ ነው። ስለ አየር ንብረት ለውጥ አስረዱ። ዝናቡ ለምን ቀኑን እንደሚስት፣ ሙቀቱ ለምን ከዓመት ዓመት እንደሚብስ ተናገሩ። የተናገሩት ሁሉ እውነት ነበር። በመጨረሻም፣ «የዕለት ተዕለት ልማዱን ለመለወጥ ፈቃደኛ የሆነ እጁን ያውጣ» አሉ።

እጅ ያላወጣ አልነበረም። አንዱማ ሁለቱንም አወጣና፣ አንዱን እንዲያወርድ ተነገረው።

«መልካም። ማን ይጀምር?» አሉ አቶ ደምሰው።

ይሄን ጊዜ እጆቹ ሁሉ ሥራ እንዳለባቸው ትዝ አላቸው። አንዱ ጆሮ ለማከክ ሄደ፤ አንዱ ነጠላ ለማስተካከል ወረደ፤ አንዱ ኪስ ገባ። ስብሰባው በሙሉ ፈቃደኝነት ተዘጋ፤ አቶ ደምሰውም ወደ መኪናቸው ሄደው ሞተር አስነሱ። የሚሄዱበት አልነበራቸውም፤ ስለ ሙቀት ብዙ ስለተናገሩ ሞቋቸው፣ በመኪናው ኤሲ ሊቀዘቅዙ ነው።

በማግስቱ ወይዘሮ አሰገደች ነጠላቸውን ጣል አድርገው ወረዱና የመኪናውን መስተዋት በጣታቸው መቱት።

«እንደምን አደሩ አቶ ደምሰው። መስኮት ልከፍት ፈልጌ ነበር።»

«ይክፈቱታ ወይዘሮ አሰገደች!»

«ጭሱ ይገባብኛል። ጋሽ ሀብቴ አልተሻላቸውም። ሞተሩን ቢያጠፉልኝ? ደግሞስ ቢሮዎ ከዚህ ሆነው ቢጣሩ የሚሰማ አይደል፤ በእግር ቢሄዱስ?»

አቶ ደምሰው በጥያቄው አልተቀየሙም። «እኔ በበኩሌ ፈቃደኛ ነኝ፤ እጄን ማውጣቴን አይተዋል። ግን በየት ልሂድ? ፀሐይ የሌለበት መንገድ በግራሮቹ ሥር ያለው ብቻ ነው። እሱን ደግሞ በዳቱ የከሰል ጆንያ ደርድራበታለች። በነጭ ሸሚዝ ገብቼ በምን ሸሚዝ ልወጣ ነው? ከሰሉ ይነሳና እሄዳለሁ።»

ወይዘሮ አሰገደች ነገሩን በልባቸው አሰሩት። ከሰሉ ካልተነሳ አቶ ደምሰው በእግራቸው አይሄዱም፤ አቶ ደምሰው በእግራቸው ካልሄዱ ሞተሩ አይጠፋም፤ ሞተሩ ካልጠፋ መስኮቱ አይከፈትም፤ መስኮቱ ካልተከፈተ ጋሽ ሀብቴ አይሻላቸውም።

ወደ ግራሮቹ ሄዱ። በዳቱ ከሰል ሻጯ በጥላው መሐል፣ በጆንያ ተከባ ተቀምጣለች። መሬቱ ጥቁር፣ የግራሩ ግንድ ጥቁር፣ የበዳቱ ክንድ እስከ ክርኗ ጥቁር ነው።

«በዳቱዬ፣ ይሄን ከሰል ብታነሺው ምን ይመስልሻል?»

«እትዬ፣ ዛሬ ነው የሚሉኝ?» አለች በዳቱ። «እኔ እኮ ስብሰባው ላይ እጄን ካወጡት ነኝ። የማንም እጅ እንደኔ አይታይም፣ ጥቁር ስለሆነ። ይሄን ሥራ የምወደው ይመስልዎታል? ልጄን በሳምኳት ቁጥር ጢም አበቅልባታለሁ። ፓፓያ ብሸጥ ደስታዬ ነው፤ ፓፓያ ጆንያ አይፈልግ፣ አይቦን። ግን ነስሩ አለ። ባለቁርስ ቤቱ። ጠዋት ጠዋት ፉሉን የሚያበስለው በኔ ከሰል ነው። እኔ ብነሳ ነገ ሌላ ሰው እዚህ ጥላ ላይ ያስቀምጥና ከሱ ይገዛል። ነስሩ የኤሌክትሪክ ምድጃውን ያብራ፤ እኔ ያን ቀን ጆንያዬን እጠቀልላለሁ።»

የነስሩ ምድጃ ካልበራ ከሰሉ አይነሳም፤ ከሰሉ ካልተነሳ አቶ ደምሰው በእግራቸው አይሄዱም፤ አቶ ደምሰው በእግራቸው ካልሄዱ ሞተሩ አይጠፋም፤ ሞተሩ ካልጠፋ መስኮቱ አይከፈትም፤ መስኮቱ ካልተከፈተ ጋሽ ሀብቴ አይሻላቸውም።

የነስሩ ቁርስ ቤት በሕንፃው ምድር ቤት ነው። ምድጃው አዲስ ነው፤ ከተገዛ ጀምሮ ፕላስቲኩ አልተላጠም። ላዩ ላይ የአበባ ማስቀመጫ ተቀምጦበታል።

«ነስሩ፣ ይሄ ምድጃ ነው ወይስ ጠረጴዛ?»

«ምድጃ ነው እትዬ። እኔም እንደ ምድጃ ነበር የገዛሁት።» ነስሩ በከሰሉ ላይ እያራገበ በክንዱ ዓይኑን ጠረገ። «እጄን ሳላወጣ ቀርቼ አይደለም፤ ፈቃደኛ ነኝ። ግን የሕንፃው የመብራት ብሬከር የሚወድቀው መቼ ነው? ልክ ፉሉ መንተክተክ ሲጀምር። ባቄላ ግማሽ በስሎ ሲቀር ደንበኛ ጥርሱን ይዞ ነው የሚሄድ። ብሬከሩ አንድ ጠዋት ቆሞ ያርፍድ፤ እኔ ከሰል በእጄ አልነካም።»

ብሬከሩ ካልቆመ የነስሩ ምድጃ አይበራም፤ የነስሩ ምድጃ ካልበራ ከሰሉ አይነሳም፤ ከሰሉ ካልተነሳ አቶ ደምሰው በእግራቸው አይሄዱም፤ አቶ ደምሰው በእግራቸው ካልሄዱ ሞተሩ አይጠፋም፤ ሞተሩ ካልጠፋ መስኮቱ አይከፈትም፤ መስኮቱ ካልተከፈተ ጋሽ ሀብቴ አይሻላቸውም።

ብሬከሩን የሚያነሱት ጥበቃው ጋሽ ቦጋለ ናቸው። በወደቀ ቁጥር በመጥረጊያ እንጨት ከሥሩ ገፋ አድርገው ያነሱታል። ከሌላ ሥራ ይልቅ ይሄን ስለሚሠሩ፣ እንጨቱን ከእጃቸው አያስቀምጡም።

«ጋሽ ቦጋለ፣ ይሄ ነገር ለምንድን ነው የማይቆመው?»

«እኔ እንኳን እንዲቆም ፈቃደኛ ነኝ» አሉ ጋሽ ቦጋለ። «ትከሻዬ አለቀ። የሚጥለው ግን ሁለተኛ ፎቅ ነው። ትርሲት ፀጉር ቤቷን ከፍታ ያን የፀጉር ማድረቂያ ካስክ ስታበራው ይወድቃል። አነሳዋለሁ። ታበራዋለች። ይወድቃል። እንዲህ ስንባባል ነው የምናረፍድ።»

«ካስኩ ብቻ ነው?»

ጋሽ ቦጋለ እንጨታቸውን አገላብጠው አዩት። «ሌላም አለ። እሱን ሰው ራሱ ሲደርስበት ነው የሚሻለው።»

ካስኩ ካልጠፋ ብሬከሩ አይቆምም፤ ብሬከሩ ካልቆመ የነስሩ ምድጃ አይበራም፤ የነስሩ ምድጃ ካልበራ ከሰሉ አይነሳም፤ ከሰሉ ካልተነሳ አቶ ደምሰው በእግራቸው አይሄዱም፤ አቶ ደምሰው በእግራቸው ካልሄዱ ሞተሩ አይጠፋም፤ ሞተሩ ካልጠፋ መስኮቱ አይከፈትም፤ መስኮቱ ካልተከፈተ ጋሽ ሀብቴ አይሻላቸውም።

ወይዘሮ አሰገደች ደረጃውን ወጡ። የራሳቸውን በር አልፈው ሲወጡ የባለቤታቸው ሳል እስከ ደረጃው ተሰማቸው፤ እርምጃቸውን ጨመሩ።

የትርሲት ፀጉር ቤት ከእሳቸው ቤት በላይ ነው። ሁለት ሴቶች ፀጉራቸውን በቢጎዲን ጠቅልለው፣ ጭንቅላታቸውን ካስኩ ውስጥ ከተው፣ እንደ ወታደር ተሰልፈዋል። ካስኩ ስለሚጮህ አንዷ የምትናገረውን ሌላዋ አትሰማም፤ ሁለቱም ግን ማውራታቸውን አላቆሙም።

«ትርሲት፣ የኔ ልጅ፣ በዚህ ፀሐይ ፀጉር በማሽን ይደርቃል እንዴ? በረንዳ ላይ ብታስቀምጫቸው ከመቀመጣቸው አይደርቅም?»

ትርሲት ማበጠሪያዋን አፏ ላይ እንደያዘች ሳቀች። «እትዬ፣ ምን ነካዎት፣ ድሮ እንደዛ አልነበር? ወንበር አውጥቼ፣ ደንበኞቼ በረንዳ ላይ እየተጫወቱ ይደርቁ ነበር። ካስኩ ለክረምት ብቻ ነበር። እጄንም ያወጣሁት ከልቤ ነው፤ ፈቃደኛ ነኝ። አሁን ግን በረንዳው ላይ የሚቀመጥ የለም። ከሥር ትኩስ ንፋስ ይነፋል። ባለፈው አንዷን አውጥቼ ባስቀምጣት ቅንድቧ ደርቆ ፀጉሯ እንዳለ ቀረ። ትኩሱ ንፋስ ይቁምልኝ፤ ካስኩን ዛሬውኑ እነቅላለሁ።»

«ከወዴት ነው የሚነፋው?»

ትርሲት ማበጠሪያውን ከአፏ አወጣች። ካስክ ውስጥ ያሉት ሴቶችም፣ ምንም ባይሰሙ፣ ዝም አሉ።

«ከሥር ነዋ፣ እትዬ።»

«ከሥር ማን ነው ያለው?»

«ኧረ እትዬ!»

ወይዘሮ አሰገደች በረንዳው ላይ ወጡና አጎንብሰው አዩ። ከሥር፣ ከገዛ ግድግዳቸው ላይ፣ የኤሲያቸው ሳጥን ተሰቅሎ ወደ ላይ ይነፋል። የነጠላቸውን ጫፍ አነሳው፤ ፊታቸውንም ሞቅ አደረገው። ከውስጥ የሚያውቁት ብርዱን ነበር። የውጭውን እስከዚያ ቀን አልጠየቁም።

ሳይቸኩሉ ወደ ቤታቸው ወረዱ። ጋሽ ሀብቴ ብርድ ልብስ እስከ አገጫቸው ስበው ተኝተዋል።

«ደረስሽበት?» አሉ።

«ደርሼበታለሁ» አሉ ወይዘሮ አሰገደች፣ የአልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው። «ስማኝ። ኤሲው ካልጠፋ ትኩሱ ንፋስ አይቆምም፤ ትኩሱ ንፋስ ካልቆመ ፀጉሩ በረንዳ ላይ አይደርቅም፤ ፀጉሩ በረንዳ ላይ ካልደረቀ ካስኩ አይጠፋም፤ ካስኩ ካልጠፋ ብሬከሩ አይቆምም፤ ብሬከሩ ካልቆመ የነስሩ ምድጃ አይበራም፤ የነስሩ ምድጃ ካልበራ ከሰሉ አይነሳም፤ ከሰሉ ካልተነሳ አቶ ደምሰው በእግራቸው አይሄዱም፤ አቶ ደምሰው በእግራቸው ካልሄዱ ሞተሩ አይጠፋም፤ ሞተሩ ካልጠፋ መስኮቱ አይከፈትም፤ መስኮቱ ካልተከፈተ አንተ አይሻልህም።»

«ታዲያ ኤሲውን አጥፊዋ።»

«እንዴት አድርጌ? መስኮቱ ካልተከፈተ እኮ ኤሲው አይጠፋም! በሙቀት ልገድልህ ነው?»

ጋሽ ሀብቴ ጣሪያውን እያዩ አሰቡ። በፖስታ ቤት ዘመናቸው፣ ተቀባይ ሳይገኝለት አገሩን ዞሮ ላኪው እጅ የሚመለስ ደብዳቤ ብዙ አይተዋል።

«አሰግዬ፣» አሉ፣ «ስብሰባው ላይ እጅሽን አውጥተሻል?»

«አውጥቻለሁ። ያንተንም ወክዬ።»

«እንዲያ ከሆነ ሁለት እጅ አለብን።»

ወይዘሮ አሰገደች ሪሞቱን አነሱ። ትንሽ ያዙት። ወደ ባለቤታቸው አዩ፤ ወደ መስኮቱ አዩ። ከዚያ ተጫኑት። ኤሲው አንዴ ተንፍሶ ዝም አለ።

መጀመሪያ ምንም አልሆነም። በተረት ቢሆን ይሄኔ ሁሉ ነገር ይፈታ ነበር፤ እዚህ የሆነው ሙቀት ብቻ ነው። ሙቀቱ ከጣሪያው ወረደ፤ ከግድግዳው ወጣ፤ ከታች የአቶ ደምሰው ሞተር ያጉረመርማል። ወይዘሮ አሰገደች የመድኃኒቱን ካርቶን ቀደው ባለቤታቸውን ያራግቡ ጀመር። ጋሽ ሀብቴ ብርድ ልብሱን ገፈፉ፤ ቀጥሎ አንሶላውን፤ ቀጥሎ ካኒቴራውን። ሳላቸው አልቀነሰም።

«እስከ መቼ ነው?» አሉ።

«እኔ ምን አውቃለሁ።»

«ዝም ብዬ ነው የጠየቅሁት።»

የጋሽ ሀብቴ ፊት ቲማቲም መሰለ። ሌላ ሳል መጣ፤ ይሄኛው ረዥም ነበር፤ መጨረሻው ላይ ትንፋሽ አጠራቸው። ወይዘሮ አሰገደች ካርቶኑን ወርውረው ሪሞቱን አነሱ። አውራ ጣታቸው ቁልፉ ላይ ደረሰ።

ይሄኔ ከላያቸው አንድ ነገር ተንኳኳ። ተጎተተ። እንደገና ተጎተተ። ወይዘሮ አሰገደች ቀና ብለው አዳመጡ። ወንበር ነው። ትርሲት ወንበር ወደ በረንዳው እያወጣች ነው።

ሪሞቱን መሳቢያ ውስጥ ከተው ዘጉት።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ራሱ መንገዱን ያዘ። ኤሲው ስለጠፋ ትኩሱ ንፋስ ቆመ። ትኩሱ ንፋስ ስለቆመ ፀጉሩ በረንዳ ላይ ደረቀ። ፀጉሩ በረንዳ ላይ ስለደረቀ ካስኩ ጠፋ። ካስኩ ስለጠፋ ብሬከሩ ቆሞ አደረ፤ በነጋታው ጠዋትም ሳይወድቅ ሲቀር ጋሽ ቦጋለ የመጥረጊያ እንጨታቸውን ይዘው ግራ ገባቸው፤ ቆይተው ግቢውን ጠረጉበት። ብሬከሩ ስለቆመ ነስሩ የአበባውን ማስቀመጫ አንስቶ፣ ፕላስቲኩን ልጦ ምድጃውን አበራ። ፉሉ እስከ መጨረሻው በሰለ። የነስሩ ምድጃ ስለበራ በዳቱ የሚገዛት ጠፋ፤ እንደተናገረችውም ጆንያዋን ጠቅልላ፣ ጥላውን በውሃ አጥባ፣ ክንዷን እስከ ክርኗ ታጥባ፣ ፓፓያ ደረደረች።

ከሰሉ ተነሳ።

አቶ ደምሰው ግን በዚያው ጠዋት መኪናቸውን ያሞቁ ነበር። ወይዘሮ አሰገደች መስተዋቱን መቱት።

«ከሰሉ ተነስቷል፣ አቶ ደምሰው።»

«እውነትዎን ነው?» አቶ ደምሰው አንገታቸውን አውጥተው ወደ ግራሮቹ አዩ። ረዥም ጊዜ አዩ። «እኔ መቼም ፈቃደኛ ነኝ፤ ይሄን ያውቃሉ። ግን ዛሬ ጫማዬ…»

«አቶ ደምሰው፣ ባለቤቴ ከትናንት ጀምሮ በተዘጋ ቤት፣ ያለ ኤሲ፣ እየተቀቀሉ ነው። እኔ አጥፍቼ ትርሲት አጠፋች፤ ትርሲት አጥፍታ ነስሩ አበራ፤ ነስሩ አብርቶ በዳቱ አነሳች። የቀሩት እርስዎ ነዎት። እጅዎንማ አውጥተዋል፤ አሁን የምንጠብቀው እግርዎን ነው።»

በረንዳ ላይ ቢጎዲን የጠቀለሉ ጭንቅላቶች ብቅ አሉ። ነስሩ ማማሰያውን ይዞ በሩ ላይ ቆመ። ጋሽ ቦጋለ እንጨታቸውን ተደግፈው ጠበቁ። በዳቱ ከሩቅ፣ «ይምጡ ጋሼ፣ አይነካዎትም፣ አጥቤዋለሁ!» አለች።

አቶ ደምሰው አንዱን እግር አወጡ። ሌላው ተከተለው። ቁልፉን ነቅለው ኪሳቸው ከተቱና፣ ሰው እያየው እንደሚሄድ ሰው፣ ክንዳቸውን ያለ ልክ እያወዛወዙ በግራሮቹ ሥር ሄዱ። ሸሚዛቸው ነጭ እንደሆነ ቢሮ ደረሰ። በዚያ ቀን በእግር ስለ መሄድ ጥቅም ለባልደረቦቻቸው ብዙ አስረድተዋል ይባላል። ትንሽ ቆይቶ የግቢው ድመት ኮፈኑ ላይ ወጣች፤ በመዳፏ ነካ አድርጋ፣ ቀዝቃዛ መሆኑን ስታረጋግጥ ተኛች።

ወይዘሮ አሰገደች ሽቅብ ወጡ። የመስኮቱ መቀርቀሪያ ዝጎ እምቢ አለ፤ በጫማ መቱት፤ እሺ አለ። መስኮቱ ወለል ብሎ ተከፈተ። ከግራሮቹ በኩል ነፋሻ አየር ገባ፤ መጋረጃውን አነሳው፤ አልጋው ላይ ደረሰ። ጋሽ ሀብቴ ደረታቸውን ነፍተው ሳቡት። ወይዘሮ አሰገደች ሳሉን ጠበቁ። ሳሉ አልመጣም። ሁለተኛ ሳቡ፤ አልመጣም።

የመጣው ወሬ ነው። ከላይ፣ ከበረንዳው፣ ካስክ የማይጮህባቸው ሴቶች ሁሉንም ነገር አጥርተው ያወራሉ፤ ስለ አንዲት ዘመዳቸው ሠርግ፣ ስለ ሙሽራው፣ ስለ ሙሽራው የቀድሞ እጮኛ።

«ይረብሹሃል?» አሉ ወይዘሮ አሰገደች፣ መስኮቱን ያዝ አድርገው። «ልዝጋው?»

ጋሽ ሀብቴ እጃቸውን አወጡ። ያወጡት ለማስቆም ነበር።

«ተይው፣ ተይው። እጮኛይቱ ሠርጉ ላይ ገና አልደረሰችም።»

እናም መስኮቱ እስከ ዛሬ እንደተከፈተ ነው። ተረቱን የምንዘጋው እኛ ነን።